ለትራንስፎርመር የትኛው ፊውዝ? ድሮፕአውት፣ ኤችአርሲ ወይስ ብሬከር

«ትራንስፎርመሩ ነደደ፤ ፊውዙ ግን ንክች አላለም።»

በስልክ የሰማሁት ይህን ነው። ደዋዩ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። በራሳቸው ገንዘብ የገዙት 100 ኬቪኤ ትራንስፎርመር 15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ተሰቅሏል።

ሄጄ ሳይ ነገሩ ገባኝ። በፊውዙ ቱቦ ውስጥ ያለው ፊውዝ ሊንክ (ከረንት ሲበዛ ቀልጦ የሚቆርጠው ሽቦ) አይደለም። የግድግዳ ሽቦ ነው። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ፣ ተልጦና ተጠምዞ የታሰረ። ክረምት ላይ ሊንኩ ደጋግሞ ሲበላባቸው አንድ ባለሙያ መጣና «ይሄ አይቃጠልም» ብሎ አሰረላቸው። እውነቱን ነው፤ አልተቃጠለም።

ሂሳቡን እንየው። 100 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ በ15 ኪሎ ቮልት በኩል የሚስበው 3.85 አምፔር ብቻ ነው። ከታች፣ በ400 ቮልቱ ተርሚናል ላይ ሦስቱ ፌዞች ቢነካኩ ከላይ የሚያልፈው ከረንት ወደ 25 እጥፍ ያድጋል። የትራንስፎርመሩ ኢምፒዳንስ (ከረንቱን የሚገታው የውስጥ ተቃውሞ) 4% ነዋ፤ 100 ለ4 ሲካፈል 25። 25 እጥፍ ማለት 96 አምፔር ነው። ያ የግድግዳ ሽቦ ደግሞ ለመቅለጥ በግምት 130 አምፔር ይፈልጋል። ስለዚህ ከታች የፈለገው ሾርት ቢፈጠር ሽቦው ይሞቃል እንጂ አይቀልጥም። የሚቀልጠው ትራንስፎርመሩ ነው።

ይህን የምጽፈው የራሳቸው ትራንስፎርመር ላላቸው ሰዎች ነው፤ ለወፍጮ ቤት፣ ለሆቴል፣ ለፋብሪካ፣ ለመስኖ ፓምፕ ባለቤቶች። «የትኛውን ፊውዝ ልግዛ?» ለሚሉ ቴክኒሺያኖችም ይሆናል። የሰፈሩ የጋራ ትራንስፎርመር ከሆነ ግን የመብራት ኃይል ንብረት ነው፤ ሰዎቻቸውን ጠርቶ መጠበቅ ነው። የራስዎም ቢሆን ምሰሶ ላይ የሚወጣው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሁን።

ከግዢ በፊት አንድ ስሌት

ፊውዝ የሚመረጠው በትራንስፎርመሩ ኬቪኤ ብቻ አይደለም። ኬቪኤው የት መስመር ላይ እንደተቀመጠ መታወቅ አለበት። እኛ ዘንድ የማከፋፈያ መስመሩ በብዛት 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ነው። አቋራጩ ቀላል ነው። መስመሩ 15 ከሆነ ኬቪኤውን ለ26 ያካፍሉ። 33 ከሆነ ለ57 ያካፍሉ። ከታች በኩል፣ በ400 ቮልት፣ ኬቪኤውን በ1.44 ያባዙ።

ለ100 ኬቪኤ፦ 3.85፣ 1.75 እና 144 አምፔር።
ለ200 ኬቪኤ፦ 7.7፣ 3.5 እና 289 አምፔር።
ለ315 ኬቪኤ፦ 12.1፣ 5.5 እና 455 አምፔር።
ለ630 ኬቪኤ፦ 24.2፣ 11 እና 909 አምፔር።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው ቁጥር ልዩነት ቀላል አይደለም። ከ15 መስመር የወረደ ሊንክ 33 መስመር ላይ ቢሰቀል ከሚገባው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። «ያው 100 ኬቪኤ አይደል እንዴ» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ከዚህ በኋላ ፊውዙ በሁለት ግድግዳዎች መካከል መቆም አለበት። የመጀመሪያው መቅለጥ የሌለበት ጊዜ ነው። ትራንስፎርመር ባዶውን እንኳ ሲበራ ለአፍታ ብዙ ከረንት ይጎትታል። የተለመደው ግምት የሙሉ ጭነቱ 12 እጥፍ ለ0.1 ሰከንድ፣ 25 እጥፍ ለ0.01 ሰከንድ ነው። በዚያ ላይ «መብራት መጣ!» ሲባል ያለውን አስቡት። ምጣዱ፣ ፍሪጁ፣ ሞተሩ፣ ሳይጠፋ የቀረው ሁሉ በአንዴ ይነሳል። ፊውዙ ይህን መቻል አለበት።

ሁለተኛው መቅለጥ ያለበት ጊዜ ነው። ትራንስፎርመር ከታች በኩል የሚፈጠር ሾርትን እንዲቋቋም የሚሠራው በተለምዶ ለ2 ሰከንድ ነው። ፊውዙ ከዚያ በፊት መጨረስ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የኛ ትራንስፎርመሮች የውስጥ ጥቅሎቻቸው አያያዝ በአብዛኛው ከላይ ዴልታ (በሦስት ማዕዘን)፣ ከታች ስታር (በኮከብ ቅርጽ) ነው። ከታች አንድ ፌዝ ከኒውትራል ጋር ቢነካካ ከላይ ፊውዙ የሚያየው የሦስት ፌዝ ሾርቱን 58% ብቻ ነው። በ100 ኬቪኤው ላይ 96 መሆኑ ቀርቶ 56 አምፔር ይሆናል። በውስጡ ያለው ጥቅል ግን እኩል ይሠቃያል። ስለዚህ ፊውዙን በ56 ይፈትኑት።

ድሮፕአውት፦ ምሰሶ ላይ የሚንጠለጠለው

ይህን ሁሉም ሰው አይቶታል። ሸክላ ወይም ፖሊመር ላይ የተሰካ ቱቦ ነው። ውስጡ ያለው ሊንክ ሲቀልጥ በሚፈጠረው እሳት የቱቦው ሽፋን ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ እሳቱን ወደ ታች ተፍቶ ያጠፋዋል። ከዚያ ቱቦው ከላይ ተላቆ ይንጠለጠላል። ውበቱ እዚህ ላይ ነው። የትኛው ፌዝ እንደሄደ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ማየት ይቻላል። ሊንኩ ርካሽ ነው፤ ቱቦው በዱላ ወርዶ፣ ሊንክ ተቀይሮለት ይመለሳል። ለገጠር ወፍጮ፣ ለፓምፕ፣ እስከ 315 ኬቪኤ ላለ የምሰሶ ትራንስፎርመር እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም።

ሊንኩ ራሱ ግን ዓይነት አለው። ገበያ ላይ የሚገኙት ኬ እና ቲ ናቸው፤ ኬ ፈጣን፣ ቲ ዘገምተኛ። ባለ 10 ኬ እና ባለ 10 ቲ በረጅም ጊዜ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 19.5 አምፔር ገደማ ላይ በ5 ደቂቃ መቅለጥ ይጀምራሉ። በ0.1 ሰከንድ ግን ይለያያሉ። ኬው 128 አምፔር ይበቃዋል፤ ቲው 224 ይፈልጋል። ሁለቱም የተጻፈባቸውን 150% ያለማቋረጥ ይሸከማሉ። ይህን የማያውቅ ሰው «3.85 ነው፣ ትንሽ ልጨምርበት» እያለ 15 እና 25 ይገዛል።

ለወፍጮ ቤቱ ምን ገጠምን? 6 ኬ በወረቀት ላይ ይሠራል። 9 አምፔር ይሸከማል፤ ለ0.1 ሰከንድ 72 ድረስ ይታገሣል፤ ትራንስፎርመሩ ሲበራ የሚጎትተው ደግሞ 46 ነው። ችግሩ ከታች ካለው ፊውዝ ጋር ነው። ከታች ባለ 160 አምፔር ፊውዝ አለ። ከወፍጮው ራቅ ብሎ 1000 አምፔር የሚያህል ሾርት ቢፈጠር ከላይ 26.7 አምፔር ሆኖ ይታያል። በዚያ ከረንት 6 ኬው 2 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ሊቀልጥ ይችላል። የታችኛው ፊውዝ ደግሞ እስከ 5 ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። ማለትም ሦስት ብር የሚያስወጣ ጥፋት ከታች ተፈጥሮ መሰላል የሚያስወጣ ሥራ ከላይ ይመጣል። 10 ኬ ይህን ያስተካክላል፤ ግን ያ የ56 አምፔር ፈተና ላይ ወደ 2 ሰከንዷ ገደብ ይጠጋል። 8 ኬ አገኘንና እሱን ሰቀልነው። ቢጠፋ 10 ኬ እሰቅል ነበር። 15ን ግን አልነካውም።

ቲን የምመርጠው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ትራንስፎርመሩ ከተቋረጠ በኋላ ሲመለስ በአንዴ የሚነሳ ትልቅ ጭነት ካለበት። ሁለተኛ፣ ከኋላው ሌላ ፊውዝ ኖሮ እሱ እንዲቀድም ከተፈለገ። በሌላው ቦታ ኬ ይበቃል።

33 ኪሎ ቮልት ላይ ያሉ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። 50 ኬቪኤ እዚያ 0.87 አምፔር ነው። ለዚህ የሚመጥነው ባለ 1 ወይም 2 ኬ ሊንክ ቀጭን ፀጉር ነው። መብረቅ አጠገቡ ሲያልፍ ይበጠሳል። ለዚህ ተብለው የተሠሩ ኤች የሚባሉ ሊንኮች አሉ፤ ድንገተኛ ሞገድን ይታገሣሉ። 3 ኤች ካገኙ ይውሰዱ። ያ ወፍጮ ቤት መዳብ ያሰረው ክረምት ላይ መሆኑን አይርሱ። ሰው ሽቦ የሚያስረው ስለጨከነ አይደለም፤ ትክክለኛው ሊንክ ስለሰለቸው ነው።

የመብረቅ መከላከያው የት እንደተሰቀለም ይዩ። አሬስተሩ ከፊውዙ በፊት፣ በመስመሩ በኩል ከሆነ የመብረቁ ከረንት በሊንኩ ውስጥ አያልፍም፤ ሊንኩ ይተርፋል። ግን ከትራንስፎርመሩ ይርቃል፤ በራቀ ቁጥር ጥበቃው ይቀንሳል። አሬስተሩ በትራንስፎርመሩ ጋን (ዘይቱን በያዘው አካል) ላይ ሲሰቀል ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። እኔ ጋኑ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ የኤርዙን ሽቦ አሳጥሬ። ሊንክ ከትራንስፎርመር ይረክሳል።

ድሮፕአውት ሲገዛ የሚሠራ ስህተት

ካታሎግ ላይ «15 ኪሎ ቮልት» የሚል ድሮፕአውት ያያሉ። የኛም መስመር 15 ነው። ልክ ይመስላል፤ ልክ አይደለም። በአሜሪካ አሠራር 15 ማለት ዕቃው የሚችለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ የታሰበው 13 ኪሎ ቮልት አካባቢ ለሚሠራ መስመር ነው። የኛ 15 መስመር ከፍ ሲል ከዚያ ያልፋል። በዓለም አቀፉ የአይኢሲ አሠራር ለ15 መስመር ከፍተኛው 17.5 ነው። ስለዚህ ባለ 24 ወይም ባለ 27 ይግዙ። ለ33 መስመር ባለ 36 ወይም 38።

ከዚያ ከፍታው አለ። ዕቃዎቹ የሚፈተኑት እስከ 1000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 እና 2400 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከዚያም ታልፋለች። አየሩ ሲሳሳ መከለል ይቀንስበታል። በ2400 ሜትር ላይ ልዩነቱ ወደ 19% ነው። 95 ኪሎ ቮልት የመብረቅ ሞገድ ይችላል የተባለ ዕቃ እዚያ የ80ውን ያህል ነው የሚሠራው። 125 የተባለው ወደ 105 ይወርዳል። ባለ 24 ወይም 27 ኪሎ ቮልት ግዙ ያልኩበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ሻጩ ስለ ከፍታ ሲጠየቅ ግር ካለው ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

ሌላው የመቁረጥ አቅሙ ነው። የተለመዱት ድሮፕአውቶች ከ8 እስከ 12 ኪሎ አምፔር ይጻፍባቸዋል። ለገጠር መስመር ከበቂ በላይ ነው። ግን ወደ ሰብስቴሽን (መስመሩ ወደሚነሳበት የኃይል ጣቢያ) እየቀረቡ ሲሄዱ ነገር ይለወጣል። 25 ሜጋ ቮልት አምፔር የሆነ፣ ኢምፒዳንሱ 10% የሆነ የሰብስቴሽን ትራንስፎርመር በ15 ኪሎ ቮልት ባስባሩ (መስመሮቹ በሚነሱበት አሞሌ) ላይ ብቻውን ወደ 9.6 ኪሎ አምፔር ይሰጣል። ፋብሪካዎ ከሰብስቴሽኑ አጥር ጎን ከሆነ ባለ 8 ድሮፕአውት ይፈነዳል እንጂ አይቆርጥም።

እሳትም ይተፋል። ቱቦው ሥር ገለባ፣ ደረቅ ሣር ወይም የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ካለ ድሮፕአውት ጎረቤት አይደለም። ወፍጮ ቤት አካባቢ ገለባ መቼም አይጠፋም።

የመጨረሻው ድካሙ ደግሞ አንዱ ፌዝ ብቻውን መሄዱ ነው። ከላይ አንድ ፊውዝ ሲሄድ ከታች ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ደህና ይሆናል፤ ሁለቱ ግን ግማሽ ቮልት ይሰጣሉ። 230 መሆኑ ቀርቶ 115። ሰፈር ውስጥ የአንዱ ቤት መብራት ደምቆ የሌላው ሻማ የሚመስለው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ለአምፖል ችግር የለውም። የወፍጮ ሞተር ግን ያጉረመርማል፣ አይነሳም፣ ይነድዳል። ስለዚህ ድሮፕአውት ያለው ሰው ሞተሩ ላይ የፌዝ መጥፋት ሪሌ (አንድ ፌዝ ሲጎድል ሞተሩን የሚያጠፋ ጠባቂ) ያስገባ። ይህን ካላሰበበት የቆጠበው ገንዘብ ለሞተር ጠምዛዥ ይሄዳል። ከድሮፕአውቱ እስከ ትራንስፎርመሩ ረጅም የምድር ውስጥ ኬብል ካለም አንድ በአንድ መክፈትና መዝጋት አደገኛ የቮልት ጭማሪ ያመጣል። እዚያ ሦስቱን ባንዴ የሚከፍት ያስፈልጋል።

ኤችአርሲ፦ አሸዋ ውስጥ የተቀበረው

ከዚህ በኋላ ወደ ከተማ እንግባ። ሆቴል፣ ሪል እስቴት፣ ምድር ቤት ውስጥ ያለ 630 ኬቪኤ። እዚህ እሳት የሚተፋ ነገር አይገባም።

ኤችአርሲ (ትልቅ ሾርት የመቁረጥ አቅም ያለው ፊውዝ) የሸክላ ሲሊንደር ነው። ውስጡ የብር ስስ ሪባኖች በኳርትዝ አሸዋ ተቀብረዋል። ትልቅ ሾርት ሲመጣ ብሩ በብዙ ቦታ ይቀልጣል፤ አሸዋው ሙቀቱን ጠጥቶ መስታወት ይሆናል። ከረንቱ የሚቆረጠው ወደ ጣራው ሳይደርስ፣ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ነው። ድሮፕአውት ሞገዱ በራሱ ዜሮ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ይህ አይጠብቅም። 31.5 ወይም 63 ኪሎ አምፔር የመቁረጥ አቅም የተጻፈበት ማግኘት ተራ ነገር ነው። ዘይት ያለበት ጋን እንዳይፈነዳ ከዚህ የተሻለ ጠባቂ አላውቅም። ብሬከርም አይስተካከለውም።

ታዲያ ለምን ሁሉም ቦታ አንጠቀምበትም? አንድም ዋጋው ነው። ከተቃጠለ ሙሉውን ይጥሉታል። ሌላው ደግሞ ብዙ ሰው የማያነበው አንድ ቁጥር ነው።

ፊውዙ ላይ «አይ3» የሚል ጽሑፍ አለ። በትክክል መቁረጥ የሚችለው ትንሹ ከረንት ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የራሱን አምፔር 3 ወይም 4 እጥፍ ያህል ነው። ከዚያ በታች ያለ ከረንት ብሩን ሊያቀልጠው ይችላል፤ ግን እሳቱን አያጠፋውም። ውስጡ እየነደደ ይቆያል፤ መጨረሻ ላይ ሸክላው ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ጫፉ ላይ ያለችው ፒን ናት። ፊውዙ ሲቀልጥ ፒኗ ወጥታ ማብሪያውን ትመታለች፤ ማብሪያው ሦስቱንም ፌዝ ይከፍታል። የአንድ ፌዝ መጥፋት ችግርም አብሮ ተፈታ። ስለዚህ ኤችአርሲን ያለዚህ ማብሪያ፣ በባዶ ክሊፕ ላይ መስካት ግማሽ ሥራ ነው። ፒኗንም ገልብጦ የሚሰካ አለ፤ ወደ ማብሪያው ትይ።

ለ630ው እናስላ። በ15 ኪሎ ቮልት 24.2 አምፔር። ሲበራ 12 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 290 አምፔር ለ0.1 ሰከንድ። 31.5 አምፔር ፊውዝ ይህን አይችልም፤ ዛሬ ባይሄድ ከወር በኋላ ደክሞ ይሄዳል። አምራቾች በሰንጠረዣቸው የሚያስቀምጡት በአብዛኛው 50 ወይም 63 ነው። አሁን የሌላውን ግድግዳ እንይ። ከታች የአንድ ፌዝ ሾርት ከላይ 350 አምፔር ገደማ ነው። 63ቱ ይበቃል። አንድ ሰው ግን «ለመጠባበቂያ» ብሎ ባለ 100 ቢሰካ፣ አይ3ው ደግሞ 400 ተብሎ የተጻፈበት ከሆነ፣ ያ 350 በትክክል ፊውዙ መቁረጥ በማይችለው ክልል ውስጥ ወደቀ። ትልቅ ፊውዝ እዚህ ሰነፍ ብቻ አይደለም፤ ራሱ አደጋ ነው።

ቮልቴጁ ላይ ደግሞ ከድሮፕአውት የተለየ ሕግ አለ። ድሮፕአውት ከፍ ቢል አይጎዳም። ኤችአርሲ ግን ከረንቱን በግድ ሲቆርጥ ቮልቱን ለአፍታ ሽቅብ ያዘልለዋል። ለ33 መስመር የተሠራ ባለ 36 ፊውዝ በ15 መስመር ላይ ሲቆርጥ ሽቅብ የሚዘለው ቮልት የመስመሩን ዕቃዎች ሊጎዳ ይችላል። ለ15 መስመር ባለ 17.5 ወይም 24 ይሰካል። የጀርመን ልክ ያላቸው በርዝመታቸው ይለያሉ፤ ባለ 24ቱ 442 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 36ቱ 537። ደግነቱ ቦታው ስለማይገጥም ስህተቱ ብዙ ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። ካልገጠመ ክሊፑን የሚያንቀሳቅስ ሰው ካላገኙ ማለቴ ነው።

አንድ የመስክ ምክር። ኤችአርሲ ከመርካቶ እስከ ሳይት በጭነት መኪና ተንገጫግጮ ሲመጣ የብር ሪባኑ ሊበጠስ ይችላል፤ ከውጭ አይታይም። ከመሰካቱ በፊት የሦስቱን ሬዚስታንስ በጥሩ መለኪያ ለክተው ያወዳድሩ። አንዱ ከሁለቱ ወጣ ካለ አይስኩት። መሬት ላይ የወደቀ ካለም እንደዚያው።

ብሬከርስ?

ብሬከር ሪሌ ሲያዘው ከረንቱን የሚቆርጥ ማብሪያ ነው። መቼ ይመረጣል? ባጭሩ፣ ትራንስፎርመሩ ሲተልቅ። በ15 ኪሎ ቮልት 1250 ኬቪኤ 48 አምፔር ነው፤ ፊውዝ አሁንም ይቻላል። ከ1600 በላይ ሲሆን የሚያስፈልገው ፊውዝ በጣም ይወፍራል፤ ትንሹን ጥፋት ማየት ይሳነዋል። እዚያ ቫኪዩም ብሬከር ከሪሌ ጋር ይሻላል። ሪሌው የዘይቱን ሙቀት ያዳምጣል፤ የቡክሆልዝ ሪሌ (በዘይቱ መንገድ ላይ የሚገጠም ጠባቂ) ያለው ከሆነም ጋዝ ሲሰበሰብ ያስጠነቅቃል፤ ዘይቱ በድንገት ሲገፋ ይከፍታል። ፊውዝ ሙቀት አይሰማም። በ33 ኪሎ ቮልት ግን ያው 1250 ኬቪኤ 22 አምፔር ስለሚሆን ፊውዝ ዘና ብሎ ይሠራዋል። የሰብስቴሽን ትላልቆቹ ትራንስፎርመሮች የሚጠበቁት በዲፈረንሻል ሪሌ (የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት በሚያወዳድር) ነው፤ ፊውዝ እዚያ ቦታ የለውም።

ብሬከር ሪሌው አስቦ፣ ስፕሪንጉ ተፈትቶ፣ ኮንታክቱ እስኪከፈት በትንሹ 80 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ጥገናም ባትሪም ይፈልጋል። ጠባቂ ቴክኒሺያን ለሌለው ቦታ ብሬከር ሲሸጥ ሳይ አይመቸኝም።

ከታች ያለው፣ የተረሳው

ኦቨርሎድን (ከአቅም በላይ ጭነትን) ማን ይከላከላል? ከላይ ያለው ፊውዝ አይደለም። 8 ኬ ሊንክ 12 አምፔር ይሸከማል፤ ያ የ100 ኬቪኤውን ጭነት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ለበዓል ዋዜማ ምጣድ፣ ለተጨማሪ ሞተር፣ ለጎረቤት የተሰጠ መስመር የሚበቃው ጠባቂ ከታች ነው ያለው።

እዚህ ሦስት ምርጫ አለ። የተለመደው ጂጂ የሚባለው የኤንኤች ፊውዝ (ለ400 ቮልቱ በኩል የሚሆን፣ ቢላ የመሰለ እግር ያለው) ነው። ለ144 አምፔር 160 ይሰካል። ግን ጂጂ የተጻፈበትን 1.25 እጥፍ ለ2 ሰዓት ዝም ብሎ ይሸከማል፤ 200 አምፔር ማለት ነው። ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ወደ 40% ተጭኖ ፊውዙ ነፍሱን አያውቅም። ምጣድ አንዱ ብቻውን 16 አምፔር አካባቢ ይስባል፤ ሁለትና ሦስት ተጨማሪ ምጣድ ፊውዙ አይታየውም።

ሁለተኛው ጂቲአር ነው። ለትራንስፎርመር ተብሎ የተሠራ፣ ላዩ ላይ በአምፔር ፈንታ ኬቪኤ የተጻፈበት። ለ100 ኬቪኤ ባለ 100 ይገዛሉ፤ ማባዛት የለም። የ1.3 እጥፍ ጭነትን ለ10 ሰዓት ይታገሣል፤ 1.5 እጥፍ ላይ በ2 ሰዓት ውስጥ ይሄዳል። ለሰፈር የሚሰጥ፣ ማታ ማታ የሚጨናነቅ ትራንስፎርመር ላይ እወደዋለሁ። ችግሩ ሁልጊዜ አለመገኘቱ ነው። ሲያልቅ «160 ስካበት» ይባላል።

ሦስተኛው ኤምሲሲቢ (በ400 ቮልቱ በኩል የሚገጠም፣ በራሱ የሚከፍት ብሬከር) ነው፤ ለወፍጮ ቤቱ የመረጥነውም በመጨረሻ እሱን ነው። በ144 አካባቢ ይስተካከላል፤ በ1.3 እጥፍ በ2 ሰዓት ውስጥ ይከፍታል፤ ሲከፍት ሦስቱንም ፌዝ ነው። ሾርት ላይ ወዲያው ስለሚከፍት ከላይ ያለው ሊንክ ሳይነካ ይቀራል። እሱ ከገባ በኋላ 8 ኬውን ወደ 6 ኬ አወረድነው። አሁን ታች ያለው ይቀድማልና። የቀድሞው ስሌት የተሠራው ከጂጂ ፊውዝ ጋር ነበር። ከታች ያለው ዕቃ ሲቀየር የላይኛውን እንደገና ማስላት ግዴታ ነው።

ኤምሲሲቢ ግን ሲገዛ የመቁረጥ አቅሙ ይታይ። በ100 ኬቪኤ ተርሚናል ላይ ሾርቱ 3.6 ኪሎ አምፔር ብቻ ስለሆነ ማንኛውም ደህና ዕቃ ይችለዋል። በ630ው ላይ ወደ 23 ኪሎ አምፔር ነው። እዚያ ባለ 10 ኪሎ አምፔር ርካሽ ብሬከር መስቀል ቦምብ መስቀል ነው።

ሱቅ ሲሄዱ

«ለ100 ኬቪኤ ፊውዝ ስጠኝ» አይበሉ። መስመሩን፣ አምፔሩን፣ ዓይነቱን ይንገሩ፦ «ድሮፕአውት ሊንክ፣ 8 ኬ፣ ለ15 ኪሎ ቮልት።» ለኤችአርሲ ከሆነ ደግሞ ቮልቴጁን፣ አምፔሩን፣ ርዝመቱን፣ ፒን ያለው መሆኑን፣ አይ3ውን። ሦስት ሳይሆን ስድስት ይግዙ። ኤችአርሲ አንዱ ሲሄድ ሦስቱም አብረው ይቀየራሉ፤ ሁለቱ ያልሄዱት ቢመስሉም ያንኑ ሾርት ቀምሰዋል፤ በሚቀጥለው ቀን ያለ ምክንያት ይሄዳሉ።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አሁን የመቆጣጠሪያው ሳጥን በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «6 ኬ። መዳብ አይታሰርም» ይላል። ስድስት ሊንክ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ባለቤቱ ያቺን የመዳብ ሽቦም አልጣሏትም፤ ከሊንኮቹ ጎን ሰቅለዋታል። ለሚመጣው ባለሙያ ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሷን ነው።